ግማሽ ሹሩባ

«ኧረ ቀስ በይ ሬኒ፣ ጭንቅላቴን ልትነቅይው ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ! በተንቀሳቀስሽ ቁጥር ፈርቁ ይጣመምብኛል።» ሬኒታ በሚዶው ጀርባ የናዲራን ትከሻ ቸብ አደረገችው።

ናዲራ መሬት ላይ፣ በሬኒታ ጉልበቶች መሃል ተቀምጣለች። በዶርሙ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሁድ ከሰዓት የእነሱ ነው። ነጭ በበዛበት በዚህ ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ አውቶቡስ አይሞሉም፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የእነሱን ፀጉር የሚሠራ ሰው በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ እጇ የለመደ ትሠራለች፣ የተሠራችው ደግሞ ምግብ ታመጣለች። ዛሬ ናዲራ ማካሮኒ በቺዝ ጋግራ በትልቅ ሳህን ይዛ ወርዳለች። የሦስተኛ ዓመቱ ቴሬል ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ቢሆንም ከዚህ ክፍል ቀርቶ አያውቅም።

«እኔ የመጣሁት ለሞራል ነው» ይላል ሹካውን እየላሰ።

ናዲራ ከተወለደችበት ከተማ ከሜምፊስ ከመጣች ወዲህ እንደ እሁድ የምትወደው ቀን የለም። በሌሎቹ ቀናት፣ ክፍል ውስጥ ስለ ባርነት በተነሳ ቁጥር ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል፤ የዚያን ጊዜ እዚያው የነበረች ይመስል። የታሪክ መምህሩ «ሬኒታ» እያለ ይጠራታል፤ ሬኒታ እኮ በቁመት የትና የት ትበልጣታለች፣ መነጽርም ታደርጋለች። ዶርም የምትጋራት ነጯ ከርስተን ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም። ፀጉርሽ የራስሽ ነው? እንዴት ነው የምታጥቢው? ልንካው? ናዲራ ፈገግ ብላ ታስነካታለች፣ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ትበሽቃለች። ጥያቄው ስለሰለቻት ያልተሠራ ፀጉሯን ለማንም አታሳይም። ሻሽ አስራ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች፣ አምሮባት ትወጣለች። ከምድር ቤቱ ልጆች በቀር መሃሉን ያየ ሰው የለም።

«ጥናትሽን ነገ ጠዋት ነው አይደል የምታቀርቢው?» አለች ሬኒታ።

«አዎ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። መቶ ሰው ፊት።»

«እንግዲያው ሥራ ሳልገባ ልጨርስልሽ። ዛሬ ካፌውን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ከሄድኩ በቃ፣ የለሁም።»

ልክ ግማሹ እንዳለቀ የእሳት ማንቂያው ደወል ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ።

«ደግሞ ማነው ፋንዲሻ ያሳረረው?» አለ ቴሬል እየተነሳ። ናዲራ ሻሿን ፍለጋ ዘወር አለች። ሻሹ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከነአረፋው ይሽከረከራል።

ደወሉ ሲጮህ መውጣት ግዴታ ነውና፣ ውጭ ሣሩ ላይ የዶርሙ ተማሪ በሙሉ ተኮልኩሏል። የናዲራ ቀኝ ጎን ጥንቅቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ግራው ግን ተበጥሮ ወደ ሰማይ ቆሟል። ከቴሬል ጀርባ ተሸጎጠች።

«ዛፍ መሰልኩሽ እንዴ?» አለ ቴሬል። የማካሮኒውን ሳህን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። «ከእሳት ያተረፍኩት ይህንን ነው።»

ሬኒታ ስልኳን አየት አደረገች። «እስኪያስገቡን ብንጠብቅ አልደርስልሽም እህቴ። ኮፍያ ላውስሽና ነገ በእሱ አቅርቢ። ወይም ደግሞ...» ከሣሩ ማዶ ያለውን የላይብረሪ ደረጃ በዓይኗ አሳየቻት። ሚዶውና የቅጥል ፀጉሩ ጥቅል አሁንም እጇ ላይ ናቸው።

«እዚህ? ሰው ሁሉ እያየ? አብደሻል?»

በዚህ መሃል ከርስተን በሕዝቡ መካከል እየተሹለከለከች መጣች። «ናዲራ! ውይ፣ ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው? ልንካው?» እጇ መልስ ሳይጠብቅ ተዘርግቷል። በዙሪያቸው የቆሙት ዘወር ዘወር አሉ። ናዲራ ፊቷ ጋለ።

እናቷ ትዝ አለቻት። ሜምፊስ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ የምትሠራት ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ደረጃው ላይ ነበር። ጎረቤት ያልፋል፣ ከመኪና ውስጥ ሰላም የሚል አለ፣ ናዲራም ግማሽ ፀጉሯ ቆሞ እጇን ታውለበልባለች። እዚያ አፍራ አታውቅም። ማፈርን የተማረችው እዚህ ነው፤ ይህን ስታስበው ተናደደች።

«አይ፣ አትንኪው» አለች።

ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ ራሷንም ገረማት። የከርስተን እጅ አየር ላይ ቀረ። «ይቅርታ... እኔ እኮ ለክፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ግን አትንኪው።»

ናዲራ ከቴሬል ጀርባ ወጣች። ሣሩን አቋርጣ ሄደችና የላይብረሪው ደረጃ ላይ፣ ከሁሉም በታች ባለው ተቀመጠች። ሬኒታ ተከትላት ከበላይዋ ተቀመጠች፣ በጉልበቶቿም መሃል አደረገቻት። ቴሬል ሳህኑን ይዞ ከጎናቸው ዘፍ አለ።

ከርስተን ባለችበት ቆማ ቀርታለች። ልትሄድም ልትመጣም አልቻለችም።

«ነይ እንጂ» አለቻት ናዲራ። «ቆመሽ ከምታፈጪ ይሄንን ቅጥል ፀጉር ያዢልን። ቴሬልን ካመንነው በማካሮኒ ይለውሰዋል።»

ከርስተን መጣች፤ ቅጥሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችም።

«በይ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ» አለች ሬኒታ።

«ትንሽ ቆይ።»

ናዲራ መጀመሪያ ሣሩ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ለሚዶው አንገቷን ዝቅ አደረገች።