ጥላሸት ያልነካው ሌንስ

የጥጥ መጋዘኑ ጌታ ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት አልተነሣም። ከማረፊያ ክፍሉ ደጅ የተከመረው ጥጥ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ በእንቅልፉ አፍኖ ገድሎታል። ጣሪያው ሥር የተሰቀለው የሙቀት ካሜራ፣ ነበልባል ሳይታይ ገና ግለቱን አይቶ መጮህ ሲገባው፣ ትንፍሽ አላለም።

«ካሜራውን የገጠመውን ቴክኒሻን እሰሩልኝ!» አለ የሟች ወንድም። «ወንድሜን የበላው እሱ ነው!»

መርማሪው ጉልበቱን እየረገመ መሰላል ወጣ፤ በሰው ዓይን ማመን አይወድም። የካሜራው ሳጥን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ ሌንሱ ግን ታጥቦ የወጣ ይመስላል።

«ጭሱ ከታየ በኋላ እነማን ገቡ?»

«እኔ፣ ወንድምየውና እትዬ» አለ ዘበኛው። እትዬ የሚላቸው የመጋዘኑን ኃላፊ ነው። «እኛ ጌታውን ስንጎትት እሳቸው የላይኛውን መስኮት ሊከፍቱ መሰላል ወጡ።»

ቴክኒሻኑ ካሜራው የቀረጸውን አሳየ። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ምስሉ ድፍን ግራጫ ነው።

«ምን ጋረደው?»

«መስታወት ይሆናል። ለእኛ ጥርት ያለው መስታወት ለሱ ግድግዳ ነው፤ ግለት አያሳልፍለትም። ስገጥመው ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

መርማሪው ወደ ኃላፊዋ ቢሮ አለፈ። ጭሱ እዚያ አልደረሰም፤ ነጩ ግድግዳ እንደነጣ ነው። የተሰቀለው የወጣት ፎቶ ብቻ ጠቁሯል። መስታወቱን በመሐረቡ ወለወለው፤ አልለቀቀም።

«ልጅዎ ነው?» ሲል ኃላፊዋን ጠየቃቸው።

«ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ መጋዘን ውስጥ ተቃጠለ።»

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም ካሜራው ሥር ሰበሰባቸው።

«ቴክኒሻኑ ቢፈልግ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ያጠፋው ነበር፤ መሰላል ምን አደከመው? ሌንሱን ከጥላሸት ያዳነው መስታወት ነው። ጭሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው አንሥቶታል፤ መሰላል የወጣው ሰው አንድ ብቻ ነው። ጭስ ባልደረሰበት ቢሮ የተሰቀለው ፎቶ መስታወቱ ጥላሸት ለብሷል፤ ያውም ከውስጥ በኩል። እትዬ፣ ይህ ሰው በእርስዎ ፋንታ ይታሰር?»

ሴትዮዋ ቴክኒሻኑን ትክ ብለው አዩት።

«እሱ ምን በደለ!» አሉ። «ያን ጊዜ ካሜራው ጮኾ ነበር። ጌታው ‹ሥራ ያስፈታል› ብሎ ደወሉን ዘጋው፤ ልጄ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ስለ ጥጡ አለቀሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፍሙን ጥጡ ውስጥ የቀበርሁት እኔ ነኝ፤ ካሜራውንም ያሳወርሁት እኔ ነኝ። አልጸጸትም!»

መርማሪውን የከነከነው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

«መስታወቱን ቢጠርጉት ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። ለምን ተዉት?»

«መጥረጉማ አያቅተኝም ነበር» አሉ። «ጥላሸቱን አውቄ ነው ወደ ልጄ ፊት ያዞርሁት። ደሙ መመለሱን ይይ ብዬ።»