ስም አልሰጥም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጉርድ ሾላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ስቱዲዮ።

ናኦሚ እባላለሁ። ሥራዬ ትረካ ነው፤ የድሮ ልብ ወለድ እያነበብኩ እቀዳለሁ። እዝራ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ድምፅ ይቆጣጠራል። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እንደ ወንድሜ ነው።

የዚያን ቀን መጽሐፍ ስለ አንድ ፈሪ መንደር ነበር። አንድ ድምፅ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «አቤት» ያለውን ሁሉ «ማንን ልውሰድ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል። በመጨረሻ መንደሩ ባዶ ይቀራል።

«ኤጭ! እንዴት ያሉ ልፍስፍሶች ናቸው!» አልኩ። እዝራ ሳቀብኝ።

ምዕራፍ ሰባትን ስጀምር... በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ አንድ ሰው አብሮኝ ማንበብ ጀመረ።

ቃል በቃል። ግን ከእኔ ትንሽ ቀድሞ።

ቆምኩ። እሱም ቆመ።

«እዝራ... ሰማህ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ኢኮ ነው፣ የራስሽ ድምፅ ነው የሚመለሰው። ቀጥዪ።»

«ኢኮ ይቀድማል እንዴ?»

አንገቱን ደፍቶ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ በጣም ጨዋ...

«ቤቶች!»

እዝራ አስተዳደጉ ነው መሰለኝ፣ ሳያስበው አመለጠው።

«አቤት!»

መብራት አልጠፋም። በር አልተንኳኳም። ሁሌ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያስቸግረን የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ቀጥ አለ።

«ማንን ልውሰድ?»

«በኢየሱስ ስም... በኢየሱስ ስም...» አለ እዝራ። «ናኦሚዬ፣ ይቅር በዪኝ።»

ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ከድምፁ ይልቅ ያቺ ጣት ናት ያመመችኝ።

«አንቺስ? ስም ስጪኝና ሂጂ» አለኝ ድምፁ።

«እዝራ» ማለት ይበቃ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ንድድ አለኝ!

«ስም አልሰጥም! ምን ታመጣለህ?» ብዬ ጮህኩ።

ማዳመጫውን ወርውሬ፣ ወደ እዝራ ክፍል ገብቼ በእጁ እየጎተትኩት፣ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ የፎቁ ጎረቤቶቻችን...

ልብስ ሰፊው ጋሽ ላጲሶ። የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ። የጽዳት ሠራተኛዋ። ሁሉም በየበራቸው ቆመዋል፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። ጣታቸው ወደ እኔ።

የእዝራ እጅ ከእጄ ሾለከ። ሄዶ ከጋሽ ላጲሶ ጎን ቆመ። እሱም ዐይኑን ጨፈነ።

«አታፍሩም?!»

አንገቴን ቀና አድርጌ በመሃላቸው አልፌ ወረድኩ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው። እዝራ ስልክ አያነሳም። እኔ ቦሌ ሚካኤል፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነኝ። ይሄን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው፤ ቀኙን በሻርፕ ጠፍሬ አስሬዋለሁ። ጠቋሚ ጣቴ አልታጠፍ ብሏል። ስጨብጠው መልሶ ይዘረጋል።

አሁን ደግሞ ብሶበት ወደ ግድግዳው ዞረ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቴ ወርቅዬ ናት፤ ልጇን እያጠበች ታንጎራጉራለች።

እሷንማ አትነካትም!

ሻርፑን ፈታሁና እጄን ጠምዝዤ ጣቴን የገዛ ደረቴ ላይ ተከልኩት። «ና እንግዲህ!» አልኩት።

ጣቴ ፀጥ አለ። ወርቅዬም ማንጎራጎሯን አላቆመችም።

ደረቴን የሚነካኝ ግን... ሁለት ጣት ነው። አንዱ የእኔ አይደለም።