የመምህር አሳምነው ሜዳይ

መምህር አሳምነው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። የተደፋው በገዛ ጓሮው፣ ከእንሰቱ መሀል፣ ሚስቱ ቆጮ ቀብራ ከምታብላላበት ጉድጓድ አጠገብ ነበር። በፎንቆ ከተማ ዙሪያ እሱን የማያውቅ የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎርፍ ከወሰደው ሚኒባስ ውስጥ ስድስት ተማሪዎች አወጣ ተብሎ አገር አቀፉን የሰላም ጊዜ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጓሮው ውስጥ አዳልጦት ሞተ ቢሉ ማን ይሰማል? ማንም አልሰማም። የአካባቢው ፖሊስም ሬሳው ገና ሳይነሳ አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው መበለት ወስዶ አሰረ።

ኢንስፔክተር ሐዳሳ ከሆሳዕና ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ቁመቷም ንግግሯም አጭር ነው። ለማንም እግዜር ያጽናችሁ ሳትል በቀጥታ ወደ ጓሮው ዘለቀች፤ ይህን ያዩ ሴቶች በክፉ ዓይን ተከተሏት።

«አዳልጦት ማጅራቱ ከድንጋይ ጋር የተጋጨ መስሎን ነበር» አለ የጣቢያው ሳጅን። «ግን ገዳይዋን ይዘናል።»

«በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ከድንጋይ ጋር አይጋጭም» አለች ሐዳሳ። «እሱስ ልክ ናችሁ፤ ተገድሏል።»

ከዚያ ሬሳውን ትታ ጉድጓዱን ማየት ጀመረች። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ከላዩ ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። በአንድ ጣቷ ነካ ብታደርገው ድንጋዩ ተወዛወዘ። ጠፍጣፋው ጎኑ፣ ቅጠል ላይ ተኝቶ የኖረው ጥቁሩ ጎን፣ ወደ ሰማይ ዞሯል፤ ሆዱ የወጣው ጎን ደግሞ ከታች ሆኗል።

ሚስቲቱን ገነቴን አስጠራች። ገነቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ መጣች።

«እህቴ፣ ድንጋዩን እንዲህ አድርገሽ ነው የምትጭኚው?»

ገነቴ በእንባዋ መሀል ድንጋዩን አየችና ልቅሶዋን አቆመች። «እንዴት ተደርጎ? እንዲህ ከተወዛወዘማ አየር ይገባዋል፤ ቆጮው ይበላሻል። ወደ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ራሴ በጠፍጣፋው አስተኝቼው ነው የሄድኩት።»

ሐዳሳ ድንጋዩን ገለበጠችው። በወጣው ሆዱ ላይ ደም ነበር፤ ጥቂት ጠጉርም ተጣብቆበታል። 

«መበለቷን ለምን አሰራችኋቸው?» ስትል ሳጅኑን ጠየቀችው።

«ወይዘሮ አስናቀች ይባላሉ። ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ሚክያስ በዚያው ጎርፍ ነው የሞተው። መምህሩ ሊያተርፋቸው ካልቻላቸው ተሳፋሪዎች አንዱ ነው ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየገበያው ‹ልጄ መኪናው ውስጥ አልነበረም፤ ከዳር ሆኖ አይቶ ነው የገባው፤ ሜዳዩ የልጄ ነው› እያሉ ይጮሃሉ። ሰው ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል እያለ ይተዋቸዋል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚህ ግቢ ሲወጡ ባለሱቁ ናስረዲን አይቷቸዋል።»

የናስረዲን ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ያየውን እንጂ የገመተውን የማይናገር ሰው ነበር፤ ሐዳሳ ወዲያው ወደደችው።

«ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈው ነው የወጡት» አለ። «ያለቅሱ ነበር። ግን እንደ ሸሸ ሰው አልነበረም አካሄዳቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሄዱት። ከዚያ በኋላ ደንበኛ በዝቶብኝ አላየሁም።»

«መምህሩን ከዚያ በኋላ አላየህም?»

«አላየሁም ኢንስፔክተር። ዋሽቼ ሰው አላስቀጣም።»

ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆሳዕና ተላከ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለልቅሶ ድንኳን ተተከለ፤ እዚያ ሐዳሳ አቶ ሲላስን አገኘችው። ሲላስ የሟቹ አብሮ አደግ ነው፤ ዛሬ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኗል። በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው፣ ማን ምን ተሸክሞ ከሬሳው ፊት እንደሚሄድ የሚደለድለውም እሱ ነው። የመምህሩን የሽልማት ማመልከቻ ያዘጋጀውም፣ የዓይን ምስክር ሆኖ የፈረመበትም እሱ መሆኑን ነገራት። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል፤ ልቅሶውም የውሸት አይመስልም ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ሐሙስ። ዛሬ ሀደሮ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እዚያ ነው የተደወለልኝ።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና አጠገባቸው ለቆመችው ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ለሀኒ ሰጣት። «የነገው ቀብር መርሐ ግብር ነው። ለልጆቹ አድርሺልኝ።»

ሀኒ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለመዘምራኑ በቴሌግራም ላከችው። ሐዳሳም በሀኒ ትከሻ አሻግራ አነበበችው። ፎቶግራፍ ያዥ፣ የምስክር ወረቀት ያዥ፣ የአበባ ጉንጉን ያዢዎች፣ የሕይወት ታሪክ አንባቢ፤ የሁሉም ስም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነበር።

ወደ ጣቢያው ስትሄድ አስናቀችን አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እናቴ፣ ከመምህሩ ቤት ምን ይዘው ነው የወጡት?»

«የራሴን።»

«ምን ማለት ነው?»

«የራሴን አልኩሽ።» ከዚያ በኋላ ቢለመኑም ቢገሠጹም ቃል አልወጣቸውም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገነቴ የባሏን ልብስ ለማውጣት የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈተች። ድንኳኑን ያናወጠ ጩኸት ጮኸች። ሜዳዩ የለም።

ሳጅኑ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «አልኩዎት! ገድለው ሰርቀው ነው የወጡት።» ድንኳን ውስጥ ያለው ሰውም ይህንኑ ይል ጀመር። የአስናቀችን ቤት እናቃጥል ያለ ጎረምሳ እንኳ አልጠፋም፤ ሽማግሌዎች ናቸው ያስቀመጡት።  በአንድ ቀን ውስጥ ነገሩን ካልፈታችው እኚህ ሴት ከእስር ቢወጡም እንኳ በዚህ አገር መኖር እንደማይችሉ ሐዳሳ ገባት።

ጣቢያው ደርሳ ሳጅኑን ከክፍሉ አስወጣችው። በሩን ዘጋችና ከአስናቀች አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ሜዳዩ እርስዎ ዘንድ ነው። ቤትዎ ተፈትሾ አልተገኘም። የት አደረጉት?»

 አስናቀች የቀሚሳቸውን አንገት ዝቅ አደረጉ። ሜዳዩ በሪባኑ ከአንገታቸው ተንጠልጥሎ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ሌሊቱን ሙሉ ያረፈበት ብረት ቆዳቸው ላይ ምልክት ትቶ ነበር።

«መምህሩ ራሱ አስጠርቶኝ ራሱ ነው ያጠለቀልኝ» አሉ። «ተንበርክኮ ነው ያጠለቀልኝ ልጄ። ‹አምስቱን ያወጣው ሚክያስ ነው፤ ስድስተኛዋን ብቻ ነው እኔ የተቀበልኩት፤ ከዚያ ውኃው ወሰደው፤ ነገ በቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ፊት እናገራለሁ› አለኝ። አሁን እሱ ሞተ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ሜዳዩን ይነጥቁኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

 «አልነጥቅዎትም» አለች ሐዳሳ።

ከዚያ ሀኒን አነጋገረች። አዎ፣ መምህሩ ዓርብ ዕለት መጥቶ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ስሙን አስመዝግቦ ነበር። ምን ሊመሰክር እንደሆነ ግን አልነገራትም። ሐዳሳ የትናንቱን ፎቶ እንድታሳያት ጠየቀችና ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች። ትናንት ስታነበው ያላየችውን አሁን አየችው። በራሷም ተናደደች። ወዲያው ሀደሮ ስልክ ደወለች፤ የሲላስ ዘመዶች እንግዳቸው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተሰናብቶ እንደሄደ ነገሯት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ከሆሳዕና እስኪመለስ ሁሉም ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ሐዳሳ አስናቀችን ይዛ ገባች። ጉምጉምታ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሸሿቸው። አስናቀች ግን የተለቀቀውን ቦታ አይተው ተቀመጡበት።

«ወገኖቼ» አለች ሐዳሳ፣ «መምህሩ የተመታው በቆጮው ጉድጓድ ድንጋይ ነው። የመታው ሰው ደሙ እንዳይታይ ደም ያለበትን ጎን ወደ ታች አድርጎ መለሰው። ብልህ የሆነ መስሎት ነው። እዚህ ያላችሁ እናቶች ንገሩኝ፤ ጉድጓድ ላይ የሚወዛወዝ ድንጋይ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ወዲያው ገልብጠን እናስተካክላለን!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ወይዘሮ አስናቀችም፣ ገነቴም ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ደም እዚያ የሚደብቅ ሰው ጉድጓዱን ማንም አያየውም ብሎ የሚያስብ ነው። ጓሮ ተሻግሮ የሴቶች ሥራ አይቶ የማያውቅ ወንድ ነው።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐዳሳ የሀኒን ስልክ ከፍ አደረገች።

«ይህ የቀብሩ መርሐ ግብር ነው። ፎቶግራፍ የሚይዝ አለ። የምስክር ወረቀት የሚይዝ አለ። አቶ ሲላስ፣ እርስዎ ባዘጋጁት በዓል ሁሉ መምህሩ በተጋበዘ ቁጥር ከሁሉ ፊት የሚሄደው ምን ነበር?»

 ናስረዲን ቀድሞ መለሰ። «ሜዳዩ ነዋ። በቀይ ትራስ።»

«ታዲያ በቀብሩ ሜዳዩን የሚይዝ ሰው ለምን አልጻፉም?»

«ጠፍቶ የለም እንዴ!» አለ ሲላስ በንዴት። «የሌለ ነገር ማን ይሸከም ብዬ ልጻፍ?»

«መጥፋቱን ማን ነገረዎት?»

«ገነቴ ነች። ትናንት ለልቅሶ ስመጣ።»

ገነቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። «እኔ? ሳጥኑን የከፈትኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጋሼ ሲላስ። ጩኸቴን ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል።»



«ወረቀቱ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተልኳል» አለች ሐዳሳ። «በዚያ ሰዓት ሜዳዩ ከቤቱ መውጣቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ የተሰጣቸው እናት ናቸው፤ እሳቸው ታስረው ነበር። ሁለተኛው እናትየው ከሄዱ በኋላ መጥቶ ‹ለባለቤቱ እናት ሰጠሁት› የሚለውን ከመምህሩ አፍ የሰማ ሰው ነው። ሀደሮ ደውያለሁ አቶ ሲላስ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው የወጡት። ከዚያ መምህሩ ጠርቶዎት በማግሥቱ እንደሚመሰክር ነገረዎት፤ የሽልማቱ ማመልከቻ ላይ የዓይን ምስክር ሆነው የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት።»

ሲላስ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ለሞተ ልጅ ሜዳይ ማን ያንጠለጥላል?» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ አካባቢ በሕይወት ያለ ጀግና ያስፈልግ ነበር። ሕፃናቱን ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ ወጥተዋል አልኩት ያኔ። እሺ አለኝ። ትናንት ግን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። በአደባባይ ውሸታም አድርጎ ሊያዋርደኝ ነው አልኩ። ‹ከእንግዲህ መተኛት እፈልጋለሁ ሲላስ› ብሎኝ ጀርባውን አዞረ። እኔ… ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።» ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የሚያባብለው ግን አልተገኘም።

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። ሐዳሳ ወደ አስናቀች ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ ነፃ ነዎት። ቤትዎ ላድርስዎት።»

አስናቀች አልተነሡም። ዓይናቸው ገነቴ ላይ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ታውቂ ነበር?»

 እውነቱን እንድትናገር ገነቴን ማንም አላስገደዳትም፤ ሐዳሳ እንኳ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አላሰበችም ነበር።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ» አለች። «ያን ቀን ከወንዙ እንደመጣ ነው የነገረኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ ከእኔ ስትገዢ?»

«አዎ።»

«ለልጄ ልቅሶ በሦስት ቀን ሙሉ ሰባት ሰው ብቻ ነበር የመጣልኝ። ሌላው ሁሉ ጀግና ብሎ ባልሽን ሊያከብር ወጥቶ ነበር። ያንንም ታውቂ ነበር?»

ገነቴ ከፍራሹ ተነሣች። በድንኳኑ መሀል እስከ አስናቀች ድረስ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ለባሏ ስታለቅስ በዋለችበት በዚያው የሻከረ ድምፅ፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ጩኸት «ወይኔ ሚክያስ! ወይኔ ሚክያስ ወልደኪዳን! አምስት ልጆች አውጥቶ የቀረው!» ብላ ሙሾ ጀመረች። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች። ቀጥሎ ሀኒ፣ ከዚያ ቅድም የሸሹት ሴቶች አንድ በአንድ ተቀበሏት። አስናቀች ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና በመጨረሻ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።