ያላተምኩት ፎቶ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ከሰው ሰምቼም፣ በሕልሜ አይቼም አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ ወጥታለች፤ አስፋልቱ ላይ ግን ብርዱ አልለቀቀም።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ለሰላም ሰልፉ የሚያዙትን ፎቶዎች አሳድጌ ያተምኩት፣ እንጨት ላይም የመታሁት እኔ ነኝ። አርባ ናቸው። ሁሉም በጦርነቱ የሞቱ ሰዎች ናቸው። የሰልፉ ኮሚቴ የጠፋ ሰው ፎቶ አይቀበልም።

ታናሽ ወንድሜ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው።

እማዬ «የእሱ ፎቶ እዚያ ሰልፍ ላይ ከወጣ ልጄ አይደለሽም» ብላኛለች። ለእሷ በሕይወት አለ። አረንጓዴ ሹራብ እየሠራችለት ነው። ሐሙስ ዕለት ክሩ አለቀባትና የግራ እጅጌውን ጫፍ በቡናማ ጨረሰችው።

«ይስቅብኛል» አለች።

ከእኛ ከሁለታችን በቀር ሹራቡን ያየ ሰው የለም።

እኔ? እኔ ማልቀስ ካቆምኩ ቆየሁ። ሞቷል ቢሉኝም እሺ፣ አለ ቢሉኝም እሺ።

ሰልፉ ተጀመረ። ድምፅ ማጉያ የያዘው አስተማሪ ገና መቶ ሜትር ሳንሄድ ድምፁ ተዘጋ። ባነሩን የያዙት ሁለት ጎረምሶች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያደረጉት ይነታረካሉ። አንዲት ሴትዮ በአንድ እጇ የባሏን ፎቶ፣ በሌላው ጫማዋን ይዛ በካልሲ ትሄዳለች።

ሥራዬ ነውና ፎቶዎቹን ቆጠርኩ።

አርባ አንድ።

ደግሜ ቆጠርኩ... አርባ አንድ።

ትርፉን፣ እኔ ያልመታሁትን፣ የያዙት ከፊቴ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይሄዳል፤ የእሳቸው ግራና ቀኝ ግን ክፍት ነው። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም... ማንም አይነካቸውም።

ፈጠን ብዬ ቀደምኳቸውና ዞሬ ፎቶውን አየሁ።

ወንድሜ ነው።

ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ አድጓል። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል...

የግራ እጅጌው ጫፍ ቡናማ ነው።

«አባባ... ይሄን ፎቶ ማን ሰጠዎት?»

«ራሱ።»

«የት?»

 ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«'እጅጌው አጥሮኛል፣ እጄን በረደኝ በያት' ብሎሻል።»

ይገርማችሁ ይሆናል፤ አላለቀስኩም። ሰልፉን ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ፎቶው ሰልፍ ላይ ወጥቷል... ለእማዬ ምን ልበላት?

በሩን ከፈትኩ።

እማዬ ቡናማውን ጫፍ ተርትራ አዲስ ክር እየቀጠለች ነበር።

«እማዬ... ምን እያደረግሽ ነው?»

«አጥሮታል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማን ነገረሽ?»

«እሽሽ...»

ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሹራቡን ወደ ወንበሩ ዘረጋችው።

«በል፣ እጅህን አምጣ» አለች በሹክሹክታ።

የግራው እጅጌ ከትከሻው ጀምሮ ቀስ... ቀስ እያለ ሞላ።

በሩን ዘጋሁት። ብርድ እንዳይገባበት።