ርካሽ ሜዳ ፈላጊው

«እትዬ መነን፣ ይድረሱልኝ! ኦክላንድ ጎልፍ ሜዳው ላይ ሀብተሥላሴ ሞቷል፤ ፖሊሶቹ ደግሞ የሚያፈጡት እኔ ላይ ነው!»

ዘነበ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። መነን ጫማዋን በቅጡ ሳታስር መኪናዋ ውስጥ ገባች። የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ሆና ዕድሜዋን በሬሳ መካከል ጨርሳ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ እንዲህ ቸኩላ አታውቅም። ዘነበንና ሚስቱን ዕፀገነትን ታውቃቸዋለች። ቀን ከሌት ታክሲ እየነዳ የሚኖር፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ የሕፃን የሆነ ሰው ነው። እሱ ሰው ይገድላል ብሎ ማሰብ ራሱ አናደዳት።

ቦታው ኦክላንድ ኮረብታ ላይ ያለ የከተማው አስተዳደር የጎልፍ ሜዳ ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ አግዳሚው ወንበር አንድ እግሩ በድንጋይ ተደግፏል። ሀብተሥላሴ ግን ይህን ሜዳ እንደ ቤተ መንግሥት ነበር የሚያወራለት፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው። ሰውየው የዴንቨር ነዋሪ፣ የሆስፒታል ራጅ ማሽን ጠጋኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ሳን ሆዜ ይልከዋል። ሆቴሉንና ምግቡን ይችሉታል፤ ለጎልፍ ግን ሰባራ ሳንቲም አይሰጡትም። እሱም ርካሽ ሜዳ ማደኑን ሙያ አደረገው። ዋጋ የሚቀንስበትን የከሰዓት ሰዓት ያውቃል፤ ለአውሮፕላን ሻንጣ ላለመክፈል ዱላዎቹን ከወዳጅ ይዋሳል፤ ሌላው በካርት፣ በትንሿ የሜዳ መኪና ሲንፈላሰስ እሱ በእግሩ ይሄዳል። ያገኘውን ደግሞ አይሰስትም። ለሥራ የሚዞር ሐበሻ ሁሉ፣ ነርሱም የከባድ መኪና ነጂውም፣ ከተማ ሲቀይር መጀመሪያ የሚደውለው ለሀብተሥላሴ ነበር።

አሁን ያ ሰው ኳስ ከሚገባበት ስድስተኛው ጉድጓድ በታች ካለው ቁልቁለት ሥር ተዘርግቷል። አንዲት የጎልፍ ካርት በጎኗ ወድቃ እግሮቹን ተጭናለች።

መርማሪ ፖሊሱ ማርቲኔዝ መነንን ከድሮ ሥራዋ ያውቃታል።

«አደጋ ቢመስልም አላመንኩትም» አላት። «ሰውሽን ይዘነዋል። የሜዳው ሠራተኛ ሁለቱ ተናንቀው ሲታገሉ አይቷል። እየጮኹ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው።»

«የት?»

«መክፈያው መስኮት ላይ።»

መነን ቆሽቷ አረረ። «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል እየተባባሉ እኮ ነው! የአንዱን ቦርሳ አንዱ ኪሱ እየመለሰ!»

«ለመክፈል ነው የሚታገሉት?» ማርቲኔዝ ሳቀ። «መነን፣ ያገርሽ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንዲህ አይነት ነገር አትንገሪኝ። ነገ ከሰዓት ክስ ይመሠረትበታል።»

አይ ሰው! ደግነት በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ወንጀል ይመስለዋል። መነን ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ቁስሉ ከጆሮ ግንዱ ሥር ነው፤ ትንሽ፣ ጠባብና ጥልቅ። ካርቷ ግን የወደቀችው እግሩ ላይ ነው።

«ካርቷን ማን ተከራያት?»

«ማንም። ቁልፋቸው ላያቸው ላይ ነው የሚውለው፤ የፈለገ ይነዳል።»

መነን ቁልቁለቱን ወጣች። ከጉድጓዱ ባንዲራ አጠገብ የሀብተሥላሴ የዱላ ቦርሳ በእጅ በሚጎተተው ባለጎማ መያዣው ላይ ቆሟል። ፎጣው ተጣጥፎ ተሰቅሏል። በካርት የሚሄድ ሰው ቦርሳውን ካርቱ ላይ ያስራል እንጂ ምን ሊያደርግ ይጎትታል? ይህንንም ነገረችው። ማርቲኔዝ ትከሻውን ነቀነቀ።

ዘነበን በፖሊስ መኪናው መስኮት በኩል እንድታናግረው ፈቀደላት።

«አምስት ጉድጓድ አብረን ተጫወትን። ከዚያ ዕፀገነት ከሪችመንድ ኮል አደረገች፣ ሺፍቷ አልቆ። ላመጣት ወጣሁ። ‹ሂድ፣ እኔ የምጠብቀው ሰው አለ› አለኝ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

«ማንን?»

«ስም አልጠራም። ‹ፊት ለፊት ሳልነግረው ወደ ዴንቨር አልመለስም› ብቻ ነው ያለው። ተናዶ ነበር፣ እትዬ። እሱ ደግሞ ተናዶ አያውቅም።» ዘነበ ዐይኑን በትከሻው ጠረገ፤ እጁ ታስሯል። «መክፈያው ላይ አሸንፎኝ እኮ ከፈለልኝ።»

ሀብተሥላሴ እዚያ ሜዳ ላይ በዚያ ቀን እንደሚጫወት የሚያውቁት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። ከዘነበ ሌላ ሦስት ናቸው፦ ሳን ሆዜ ውስጥ ጋራዥ ያለው ክብሮም፣ ነርሷ ጽጌ እና የሳኒቬሉ ኢንጂነር ብርሃነ መስቀል፤ የመረዳጃ ማኅበራቸው ሊቀ መንበር።

መነን ለሦስቱም ደወለች። እንደ ወጉም መርዶ በስልክ አይነገርም። «ሀብተሥላሴን ትንሽ አሞታል። ነገ በጠዋት ኤል ሴሪቶ ዘነበ ቤት ኑ» አለች፤ ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ሦስቱም «እሺ» ብለው ዘጉ። አንዳቸውም ጥያቄ አልጠየቁም።

በማግስቱ ክብሮም ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ሳያናግር ጥግ ያዘ። ጽጌ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ዐይኗ አባብጦ ገባች። ብርሃነ መስቀል ሰማያዊ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሁለት ትልልቅ የብርቱካን ጭማቂ ይዞ ደረሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መነን ካርት ተገልብጦበት ሞቶ ተገኘ ብላ መርዶውን ስትናገር ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ። ማርቲኔዝ በሩ አጠገብ ቆሞ አየው። ዕፀገነት ባሏ እስር ቤት አድሮ እንባ እንኳ አልወጣት ብሎ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ደርቃ ተቀምጣለች።

መነን አንድ በአንድ ወደ ማዕድ ቤቱ ጠራቻቸው። ክብሮም ቀደመ።

«ከሱ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«አዎ፤ ምታ ሲቆጥር ይሳሳታል፣ ሁልጊዜ ወደ ራሱ። ለዚያ ሰው ይገደላል እንዴ?» ክብሮም ቱግ አለ። «ዱላዎቼን እኮ እኔ ነኝ የማውሰው! ትናንት ጋራዥ ነበርኩ፣ ደንበኞቼን ይጠይቁ። ካርት ላይ ሞተ ነው የሚሉት? ያ ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ እንኳ እያነከሰ ጨረሰ እንጂ ካርት ላይ አልወጣም!»

ጽጌ ገብታ እንደተቀመጠች ተነፈሰች።

«የሀብቴ ቁጣ ከዓመታዊው ውድድር ነው የመጣው። ለሬሳ መሸኛ ገንዘብ የምናሰባስብበት።»

«ምን ሆኖ?»

«ለሜዳው በሰው መቶ ሃምሳ ዶላር ነው የምንከፍለው። ብርሃነ መስቀል ነው የሚሰበስበው። እኛ ምን እናውቃለን? ሀብቴ ግን ርካሽ ሜዳ ማደን ሥራው አይደል፤ ሜዳው ጋ ደወለ። የቡድን ዋጋ በሰው ሠላሳ ነው አሉት። ‹ቡድን ሲኮን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ እንዴት ይጨምራል?› ብሎ ሊያብድ ነበር። ‹ሬሳ የሚሸኝበትን ገንዘብ ይበሉታል!› እያለ።»

ብርሃነ መስቀል ሲገባ ዐይኑ ደርቆ ነበር።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ሳኒቬል። ቀኑን ሙሉ ሚቲንግ ላይ። ኦክላንድን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል፣ እትዬ።»

«ሀብተሥላሴ ጎልፍ ሲጫወት አይተኸዋል?»

«እኔ እዚያ አሮጌ ሜዳ ላይ ምን እሠራለሁ? በዓመት አንዴ ለውድድሩ እመጣለሁ፤ እሱም በካርት። እነሱ እንደ ቆርቆሮ ለቃሚ በእግራቸው ይንከራተታሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ቀልድ ነው የሚመስለኝ።»

«ቀልድ አይደለም» አለች መነን። «ሳሎን ግባ።»

ሁሉም ሲቀመጡ እሷ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያውቋት ግን ያን ጊዜ ነው የሚፈሯት። ለማርቲኔዝ በእንግሊዝኛ፣ ለነሱ ባማርኛ እያፈራረቀች ተናገረች።

«ሀብተሥላሴን ካርት አልገደለውም። ካርቷ ያለችው እግሩ ላይ ነው፤ የተመታው ጆሮ ግንዱን ነው፣ በጎልፍ ዱላ ጫፍ። ገዳዩ መትቶ ከጣለው በኋላ አደጋ ለማስመሰል ካርት አምጥቶ ገለበጠበት። እንግዲህ ልብ በሉ። ክብሮምና ጽጌ ከሱ ጋር ስንት ሜዳ በእግራቸው ዞረዋል፤ ሞቶ እንኳ ካርት ላይ እንደማይገኝ ያውቃሉ። አንዳቸው ቢገድለው ኖሮ ካርት በሐሳቡ አይመጣም። ካርቷ በሐሳቡ የመጣችው ያለ ካርት መጫወት ቀልድ ለሚመስለው ሰው ነው።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ብርሃነ መስቀል። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ገና ነኝ። ትናንት ለሦስታችሁም አንድ ቃል ነገርኳችሁ፦ ትንሽ አሞታል። ማርቲኔዝ፣ እኛ ዘንድ ትንሽ አሞታል፣ በጠዋት ኑ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሞቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ክብሮም ጥቁር ኮት የለበሰው። ለዚህ ነው ጽጌ ጥቁር ያሰረችው። የገባው ሰው አይጠይቅም፤ ልብሱን ቀይሮ ይመጣል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጭማቂ በጣቷ ነካች።

«ይህን ግን ያመጣው ሰው ለበሽተኛ ነው የመጣው። ይሁን፣ የዋህ ነው፣ አመነኝ እንበል። ታዲያ ያመነኝ ሰው የት ሆስፒታል ተኛ ብሎ አይጠይቅም? ሀብተሥላሴ ያረፈው ሳን ሆዜ ሆቴል ነው። በሽተኛው በሌለበት ቤት፣ ኤል ሴሪቶ ድረስ፣ ጭማቂ ተሸክሞ ይመጣል? ብታምነኝ ኖሮ ትጠይቀኝ ነበር። ባታምነኝ ኖሮ ጥቁር ትለብስ ነበር። አንተ አልጠየቅህም፤ ምክንያቱም የት እንዳለ ታውቃለህ። ጥቁርም አልለበስክም፤ ምክንያቱም አለማወቅህን ልታሳየኝ ፈልገሃል። አለማወቅ የሚባለውን አበዛኸው፣ ብርሃነ መስቀል!»

ክብሮም ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ጽጌ ክንዱን ያዘችው።

«ኦክላንድን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል ብለሃል» አለች መነን። «ፖሊስ ከካርቷ መሪ ላይ አሻራ አንስቷል። ካንተ ጣት ጋር ቢያስተያዩት ምን ትላለህ?»

የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባል የለ! ሰውየው ማልቀስ አልመጣለትም፤ ተቆጣ።

«ከዴንቨር ለሳምንት ብቅ እያለ እኔን ሌባ ሊለኝ? ስንት ዓመት ማኅበሩን የተሸከምኩት እኔ! ለምን እንደጠራኝ ታውቃላችሁ? ‹እሁድ በሕዝብ ፊት ትናገራለህ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ለጥቂት ዶላር! ጀርባውን ሰጥቶኝ ኳሱን ሊመታ ጎንበስ አለ፤ ንቆኝ፣ ሰው እንዳልሆንኩ ቆጥሮኝ! ዱላውን ከቦርሳው መዝዤ...»

ማርቲኔዝ ቃል በቃል ባይገባውም የሰውየው እጅ ዱላ እንደያዘ ሲወዛወዝ አይቶ ካቴናውን አወጣ።

«ለጥቂት ዶላር አይደለም!» መነን ጮኸች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ከሬሳ ነው የሰረቅኸው! ሌባ የሞላበት አገር ነው፤ ከሬሳ የሚሰርቅ ግን አንተን አየሁ! ዘነበ ታስሮ አደረ፣ ሚስቱ እዚህ ደርቃ ተቀመጠች፣ አንተ ጭማቂ ገዝተህ መጣህ!»

ብርሃነ መስቀልን ሲያወጡት ዕፀገነት ተነሳች። ሁለቱንም ጭማቂ ወስዳ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

ዘነበ ከሰዓት ተለቀቀ። ቤቱ አልገባም፤ ቀጥታ ወደ አስከሬን ማቆያው ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሀብተሥላሴን ወደ ዴንቨር፣ ወደ ሚስቱ መላክ አለባቸው። የማኅበሩ ካዝና ግን ባዶ ነው፤ ብርሃነ መስቀል ጠርጎ በልቶታል።

«አስከሬኑን የሚልከው ማነው? ክፍያው በማን ስም ይሁን?» አለች ጸሐፊዋ።

ዘነበ ካርዱን አወጣ። ክብሮም እጁን ያዘው። «በእግዚአብሔር! እኔ እያለሁ?»

«ልቀቀኝ፣ ክብሮም! እኔ ነኝ የምከፍለው!»

«ሁለታችሁም ወዲያ!» ጽጌ በመካከላቸው ገብታ የራሷን ካርድ ወረወረች። ዘነበ መልሶ ወረወረላት። ተናነቁ። የክብሮም ኮት ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «ትናንት አሸንፎኛል! ዛሬ ማንም አያሸንፈኝም!» እያለ ዘነበ ይጮኻል፤ እያለቀሰ ነው።

ጸሐፊዋ ፖሊስ ልትጠራ ስልኩን አነሳች።

መነን እጇን የሴትዮዋ እጅ ላይ ጫነች። «አስቀምጪው፣ ልጄ። የሚጣሉ አይደሉም።»