ከቮላኖው መሃል የጠፋችው ኩሽኔታ

መርማሪው የመነጽሩን ትንሽ ብሎን በቢላ ጫፍ እያጠበቀ ነበር። ብሎኗ ለሦስተኛ ጊዜ ተፈናጥራ ጠረጴዛው ሥር ስትገባ ስልኩ ጮኸ። አንድ መካኒክ ካምቢዮ፣ የመኪና ማርሽ ሳጥን፣ ወድቆበት ሞቷል።

«ክሪኩን ያቆመችው ልጁ ናት» አለው አለቃው። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለህ ጻፍና ጨርስ።»

መርማሪው የመነጽሩን ክንድ በክር አስሮ ወጣ።

ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። መሃሉ ላይ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የመስክ መኪና በአራት ድጋፍ ብረቶች ላይ ተንጠልጥሏል። ሟቹ ከሥሩ ተጋድሟል። ሠፈሩ ሁሉ «አባ ካምቢዮ» ይለው ነበር፤ የወጣለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ደረቱ ላይ የወደቀውን ካምቢዮ ልጁ ብቻዋን አንስታ ወደ ጎን ገልብጣዋለች። እሷም መካኒክ ናት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሳይጠይቃት። «ሦስት ሰዓት ላይ ካምቢዮውን ክሪኩ ላይ አድርጌ ዘይት ልገዛ ወጣሁ። ከመሬት አንድ ስንዝር ነበር ከፍታው። አራት ተኩል ስመለስ…»

«በሰንሰለት አስረሽው ነበር?»

«አስሬዋለሁ። አስሬዋለሁ መሰለኝ። እንጃ! ከእንግዲህ የራሴን እጅ በምን ላምነው?»

መርማሪው ወደ መኪናው ባለቤት ዞረ። ሰውየው መሬት ቀያሽ ነው፤ ከበሩ ሥር ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

«ሁለት ወር ሙሉ!» አለ ቀያሹ። «ሦስት ጊዜ ተፈታ፣ ሦስት ጊዜ ተገጠመ። ያው ነው። ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጮኻል፣ አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል። ዛሬ ጠዋትም መጥቼ ጮኼበታለሁ፤ አልክድም። ከዚያ ሄድኩ። በእግሬ! መኪናዬ እዚህ ነዋ!»

ብልጭታ የሚሉት በያጅ ደግሞ ግቢው ውስጥ በር ሲበይድ እንዳረፈደ ተናገረ።

«ጄኔሬተር አጠገቤ እየጮኸ ምን እሰማለሁ? እኔ የማውቀው ሁሉም በልጅቷ ላይ ሲያላክክ መክረሙን ነው። ጋሼ እንኳ፣ የገዛ አጎቷ፣ ‹ሴት የገጠመችው ካምቢዮ እንዲህ ነው› እያለ ሲያሾፍባት ነበር። እሷ አንጀቷ እያረረ ዝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!»

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የመለዋወጫ ሱቁ ከጋራዡ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እግሬን ከሱቄ አላነሳሁም» አለ። «ወንድሜ ‹እንግዲህ ልሰቅለው ነው› ሲል ሰማሁ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ልጅቷን አትፍረዱባት ጌታዬ፤ ልጅ ናት፣ ዘንግታ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። መርማሪው ያን አየ፤ ይቅርታ የሚመስል ክስ ነው።

ጭንቅላቱ ከኋላ የተፈነከተው ሬሳ ከተነሳ በኋላ አዳራሹን ዞረ። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ጥቁር ቅባት ለብሷል። የሥራ ጠረጴዛው አንድ ማዕዘን ብቻ ያብረቀርቃል። ጋራዥ ውስጥ ንጹሕ ቦታ ያጠራጥራል። ግን የተጠረገ ጠረጴዛ ማንንም አይከስም። ተናደደና ልጅቷን ጠራት።

«እኔ መኪና መንዳት እንጂ መፍታት አላውቅም። እስቲ አስተምሪኝ። ካምቢዮ ከመሰቀሉ በፊት ምን ምን ይታሰራል?»

«ቮላኖው፣ ከባዱ ክብ ብረት፣ ሞተሩ ላይ ይታሰራል። እሱ ላይ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ከዚያ ሸራውን የሚጫነው ሳህን። ካምቢዮው መጨረሻ ነው።»

«ሸራውስ?»

«ትናንት እኔው አስሬዋለሁ።»

መርማሪው ባትሪውን ወደ ላይ አበራ። ልጅቷ ተንሸራታ ከመኪናው ሥር ገብታ በእጇ ዳበሰች።

«የለም» አለች በመጨረሻ። «ሸራውም ሳህኑም ወርደዋል።»

ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ሥር ተገኙ። ብሎኖቹ በተራ ተደርድረዋል።

«የአባቴ አደራደር ነው» አለች። ተመልሳ ገብታ ጣቷን ቮላኖው መሃል ሰደደች። ጣቷ ቀይ ግሪስ ተለቅልቆ ወጣ። «ኩሽኔታዋም የለችም! የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የምትይዝ የቀለበት ያህል ነገር ናት። ሌላው መካኒክ ሰርስሮ ነው የሚያወጣት። አባቴ ቀዳዳው ውስጥ ግሪስ ይጠቀጥቅና ዘንግ ሰክቶ በመዶሻ ይመታል፤ ግሪሱ ከኋላ ገፍቶ ያስወጣታል።»

«ይህቺ ኩሽኔታ ብትበላሽ መኪናው ምን ይሆናል?»

ልጅቷ ከመኪናው ሥር እንደተጋደመች መለሰች።

«ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይጮኻል። ማርሽ አልገባም ይላል።» ተንሸራታ ወጣች። «ግን አዲስ ነበረች! ከነማሸጊያዋ ከአጎቴ ሱቅ ወስጄ የገጠምኳት እኔ ነኝ። ለዚያ ነው ሦስት ጊዜ ካምቢዮውን ስንፈታ ያልነካናት።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለጉ። ወለሉን ጠረጉ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን ወንፊት ላይ ገለበጡ፣ የሟቹን ኪስ ፈተሹ። የለችም። መርማሪው ባልዲ በእግሩ መታ፤ አመመው። እግሩን እያሻሸ የሱቁን በር ሲያይ ግን ማሻሸቱን ተወ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው። አንድ ፖሊስ ከሱቁ መሳቢያ ስድስት የታሸጉ ትንንሽ ኩሽኔታዎች አምጥቶ ዘረገፈ።

«አባ ካምቢዮ ዛሬ ጠዋት ካምቢዮ አልሰቀለም» ሲል መርማሪው ጀመረ። «የሚሰቅል ሰው ሸራ አያወርድም። ስለዚህ ‹ልሰቅለው ነው› አላለም።»

«ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናላ» አለ አጎትየው።

«ይሁን። ልጅቷ ስትሄድ ካምቢዮው ከመሬት አንድ ስንዝር ነበር። ስንዝር ውስጥ ሰው አይገባም። ሊሰቅለው ካልነበረ ደግሞ ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። ሰውየው እዚያ ማዕዘን ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል፤ ማዕዘኑ ተጠርጓል። ከዚያ ተጎትቶ ካምቢዮው ተገለበጠበት። ገልባጩ ቀና ብሎ ቮላኖውን አላየም። መካኒክ ቢሆን ያይ ነበር።»

«እኔም መካኒክ አይደለሁም እኮ!» አለ ቀያሹ በድንጋጤ።

«አይደሉም። ግን ኩሽኔታ ለእርስዎ ምን ይሠራል? ለብልጭታስ? የምትመሰክርበት ሰው ብቻ ነው የሚወስዳት።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ክፈቻቸው።»

ማሸጊያውን እየቀደደች እያንዳንዷን ከጆሮዋ አጠገብ አሽከረከረች። የመጀመሪያዋ አሸዋ እንደገባባት ወፍጮ አንገራገረች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም።

«ሁሉም አሮጌ ናቸው» አለች። «ተወልውለው ነው የታሸጉት።»

አምስተኛዋን በጥፍሯ ስትጫናት ከውስጧ ቀይ ግሪስ ብቅ አለ። ልጅቷ መዳፏ ላይ ይዛት ቀረች።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ ብልጭታ። «ምነው ጋሼ፣ ወንዝ አይጥሏትም ነበር?»

አጎትየው በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ጠርጌ አሸግኳት። እጄ ለምዶት ነው» አለ። «ይዟት መጣ። ‹ልጄን ሁለት ወር ያሰደብካት አንተ ነህ› አለኝ። ለሰው ሁሉ ሊናገር ሲወጣ ተከትዬ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያደረግኩት!»

«የገፉት ወንድምዎን ነው» አለ መርማሪው። «ካምቢዮውን ግን የጣሉት ልጅቷ ላይ ነው።»

ፖሊሱ አጎትየውን ይዞት ወጣ። ቀያሹ ስለ መኪናው ሊጠይቅ አፉን ከፈተና አፍሮ ዘጋው። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ፤ ከዚያ አነበበላት።

«‹ካምቢዮውን ክሪኩ ላይ ያስቀመጠችው የሟች ልጅ ስትሆን፣ በሰንሰለት አስራዋለች።›»

«‹አጥብቃ› የሚለውን ይጨምሩበት» አለች።

ጨመረበት። ልጅቷ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ፈረመች፤ እስክሪብቶውንም ክዳኑን ገጥማ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።