ጣሪያ የማያልፍ ጸሎት

አምለሰት ለማንኳኳት ያነሳችው እጇ በሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዋ፣ ከግቢው ጥግ ካለችው ክፍላቸው፣ የእናቷ ድምፅ ይሰማታል። ጩኸት አይደለም፤ ጥርስ ተነክሶበት የሚወጣ የታፈነ ሲቃ ነው። ነጠላ ጫማዋ ላይ ደም አለ። ደሙ የእሷ አይደለም።

ይህን በር ከረገጠች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ከዚያ በፊትማ ማንኳኳት ብሎ ነገር አልነበረም፤ ገፍታው ነበር የምትገባው። አሁን ግን ከበሩ ወዲያ ያለችው ፈርዶውሳ ናት፤ ፈርዶውሳን ደግሞ ጓደኛ ለጓደኛው የማይለውን ነገር ብላታለች።

ሲቃው እንደገና ተሰማ። አምለሰት በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።

የከፈተችላት ፈርዶውሳ ራሷ ናት። ፊቷ ላይ ቁጣም ሰላምታም አይነበብም።

«እማዬ እየደማች ነው» አለቻት አምለሰት። «ገና ሰባት ወሯ ነው። የአባዬ ስልክ አይሰራም።»

ፈርዶውሳ ጫማዋን አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ እናቷን ጠራች።

የግቢው ባለቤት የፈርዶውሳ እናት ሀሲና ናት። ጅግጅጋ ተወልዳ ስላደገች አማርኛን እንደ አፍ መፍቻዋ ትናገራለች። ከሁለት ዓመት በፊት የአምለሰት አባት ደምመላሽ የብየዳ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ከቢሾፍቱ ወደ ሐርጌሳ ሲያመጣ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ያለችውን የጓሮ ክፍል ያከራየቻቸው እሷ ናት። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የሚባለው ቤተክርስቲያን አባላት እንደሆኑ፣ ሻይና ቡናም እንደማይጠጡ ሲነግሯት አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቤተሰቧ ሻይ ስታፈላ ለእነሱ ለብቻ ወተት በሄል ታፈላለች። አምለሰትም እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኤዶ» ትላታለች፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

ሀሲና የአምለሰትን እናት የሺሃረግን ወለሉ ላይ ተጋድማ ስታገኛት «ያ ረብ» ብቻ አለች። አንሶላ አጣጥፋ ከሥሯ አደረገችላትና ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ አሰልፋ ደግፈው አወጧት።

ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱም የጁምዓ ሰዓት ነበር። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። የፈርዶውሳ ወንድም ጉሌድ ባጃጅ ይነዳል፤ ግን እሱም መስጊድ ነው፣ ስልኩን ዘግቷል። ሀሲና መንገዱ መሀል ገብታ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ለሶላት የዘገዩ አንድ ሽማግሌ መኪናቸውን አቆሙላት። ነገሩን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም፤ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አውርደው የኋላ ወንበሩ ላይ አነጠፉት።

መኪናው ውስጥ የሺሃረግ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች። አምለሰት ደነገጠች። እናቷ ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ከዚያ ከወጣች ግን ስምንት ዓመት ሆኗታል። በእነሱ ቤት የሚጸለየው ወደ ሰማይ አባት ነው፣ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። እናቷ እንዲህ ስትጣራ ሰምታት አታውቅም። «እማዬ፣ እንደሱ አትበይ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ትጥራት» አለች ሀሲና ቀድማት፤ የየሺሃረግን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋለች። «መርየምን እኛም እናውቃታለን። ብቻዋን ነው ያማጠችው።»

ሆስፒታል እንደደረሱ ሐኪሟ የሺሃረግን ለአፍታ መረመረቻትና ለሀሲና በሶማሊኛ ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረች። ፈርዶውሳ ለአምለሰት በጆሮዋ ተረጎመችላት። የእንግዴ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ተላቋል፤ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መደረግ አለባት፤ ደም ግን የለም፤ ቢያንስ ሦስት ሰው መስጠት አለበት። አምለሰት እጅጌዋን ሰበሰበች። ነርሷ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። አሥራ አምስት ስትላት ራሷን ነቀነቀችና እጅጌዋን መልሳ አወረደችላት። ሀሲናን ደግሞ የስኳር በሽታዋ ከለከላት።

«ጉሌድን አመጣዋለሁ» አለች ፈርዶውሳ፤ መልስ ሳትጠብቅ እየሮጠች ወጣች።

የሺሃረግን በአልጋ እየገፉ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አቆሟት። ደሙ እስኪመጣ እዚያው ትቆያለች። አምለሰት ለአባቷ ደወለች። ቤርበራ አንድ መጋዘን እየበየደ ነው፤ ሲሠራ ስልኩን እንደሚዘጋ ታውቃለች። ስልኩ ዝግ እንደሆነ የሚናገረው የሴት ድምፅ በሶማሊኛ መለሰላት። ደገመች። መለሰላት። ዘጠኝ ጊዜ ደወለች።

አባቷ ቢኖር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። እናቷ ራስ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጭኖ ይባርካታል። ቢሾፍቱ ቢሆኑ ይህን የሚያደርጉ ሽማግሌዎች በስልክ ይጠሩ ነበር። እዚህ ከተማ ግን ከእነሱ ሌላ የቤተክርስቲያናቸው ሰው አያውቁም። እሁድ እሁድ መጋረጃውን ዘግተው ሦስቱ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። እሷ መጸለይ ትችላለች፤ ማንም አይከለክላትም። ዓይኗን ጨፈነች። «የሰማይ አባት ሆይ» አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋ። ቃል ያሳጣት የራሷ የቀድሞ ንግግር ነበር።

ነገሩ የሆነው በረመዳን ነው። ክፍል ውስጥ ኢልሃን የምትባል ልጅ፣ ሐበሾቹ ክርስቲያኖች ራሳቸው ክርስቲያን አይሏችሁም፣ ታዲያ ምንድን ናችሁ ብላ ተማሪውን ሁሉ አሳቀችባት። ውሸት አልነበረም፤ የሀገሯ ሰዎች «መጤ ሃይማኖት» ይሏቸዋል። ፈርዶውሳ አጠገቧ ተቀምጣ ዝም አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ አምለሰት የደረሰባትን ሁሉ እሷ ላይ አወረደችው።

«የእናንተ ጸሎት ጣሪያ አያልፍም» አለቻት። «ጾም ትሉታላችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ ነው የምትራቡት። እውነቱ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው።»

የፈርዶውሳ ከንፈር በጥም ደርቆ ነበር። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዙራ ብቻዋን ሄደች።

አባቷ ነገሩን ከእሷው ሲሰማ አልጮኸባትም፤ አለመጮኹ ነበር የባሰባት። ቤተክርስቲያናችን እውነተኛ መሆኗን ከልቤ አምናለሁ፣ አላት፤ ግን የሰማይ አባት የሚናገረው ከእኛ ጋር ብቻ ነው ብሎ ማን አስተማረሽ? ለየሕዝቡ ብርሃን ሰጥቷል፤ እኛ የተማርነው ይህን ነው። ሙሉው እውነት አለኝ የሚል ሰው የሌላው እጅ ባዶ ነው ማለት የለበትም። እኛ በወር አንዴ ሁለት ማዕድ ዘልለን ጾምን እንላለን፤ ይቺ ልጅ በዚህ ሙቀት ወር ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ስትውል እያየሽ ምንም አልተማርሽም? ወደ ቤርበራ ሲሄድም ይቅርታ እንድትጠይቃት አዘዛት። በሳምንቱ ደውሎ ሲጠይቃት «ጠይቄያታለሁ» አለችው። አልጠየቀቻትም ነበር።

«ልጄ» አለቻት ሀሲና፤ የየሺሃረግን ቀዝቃዛ እጅ ይዛ ቆማለች። «በእናንተ ነውር ካልሆነ… ቁርአን ልቅራላት?»

አምለሰት የእናቷን ፊት አየች። አፈር መስሏል። እሺ ብትል እናቷ ስትነቃ ታዝንባት ይሆን? እምቢ ብትል ደግሞ እናቷ ማንም ሳይጸልይላት በዚያ በር ልትገባ ነው። የሚጠየቅ ትልቅ ሰው አልነበረም።

«ቅሪላት» አለች።

ሀሲና ጎንበስ ብላ በየሺሃረግ ጆሮ በዝግታ መቅራት ጀመረች። አምለሰት አረብኛውን አታውቀውም። ቆይታ ግን መሀሉ ላይ አንድ ስም ለየች፤ መርየም። ስሙ ሲደገም የእናቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አምለሰት እንደለመደችው ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ራሷን ዝቅ አደረገች። አሁን ቃል መጣላት፤ ረጅም አልነበረም። «ትሰማታለህ አይደል?» አለች በልቧ። «እባክህ፣ ስማት።»

ፈርዶውሳ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ጉሌድ ከፊት፣ ስድስት ሰዎች ከኋላው፣ አንዳንዶቹ ጫማቸውን በደንብ ሳያጠልቁ፣ ከመስጊድ በቀጥታ ነው የመጡት። ሶላቱ እንዳለቀ ኢማሙ ለሰዉ ተናግረው ነው። ጉሌድን ጨምሮ የሦስቱ ደም ገጠመ። በሩ ተከፍቶ የሺሃረግ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ሀሲናና ሁለቱ ልጆች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሀሲና ልጆቹን ለማጽናናት ብላ ወሬ ጀመረች። አምለሰት ሰሞኑን ለምን እንደማትመጣ ፈርዶውሳን ጠይቃት እንደነበር፣ እሷም ፈተና እያጠናች ነው እንዳለቻት ተናገረች። «እንደ እህቷ ነው የምታይሽ» አለቻት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ፈተና አልነበረም። አምለሰት ወደ ፈርዶውሳ ዞረች። ፈርዶውሳ ወለሉን ታያለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ንግግር ለእናቷ ሳትናገር ይዛው ኖራለች።

ሐኪሟ የወጣችው ብዙ ቆይታ ነው። ደሙ ቆሟል፤ እናትሽ ትተርፋለች ብዬ አስባለሁ፣ አለች ፈርዶውሳ እየተረጎመች። የቀረውን የተረጎመችው ሀሲና ናት። ወንድ ልጅ ነበር። አልተረፈም።

ነርሷ ሕፃኑን በሆስፒታሉ ጨርቅ ይዛው መጣች። ሀሲና ትከሻዋ ላይ የነበረውን ሰፊ ሻርፕ አውልቃ፣ በውስጥ ሂጃቧ ብቻ ሆና፣ እሱን ጠቀለለችበት። «ወንድምሽ ነው፤ እይው» አለቻት። አምለሰት አየችው። ጥፍሮቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ።

ያኔ ስልኳ ጠራ። አባቷ ነበር። እንዴት እንደነገረችው አታስታውስም። መኪና ፈልጎ አሁኑኑ እንደሚነሳ ተናግሮ ስልኩን ለሀሲና እንድትሰጣት ጠየቃት። ከሀሲና ጋር ግን ማውራት አልቻለም። «እኔ አለሁ፣ ደምመላሽ» አለችው ሀሲና። «በሰላም ድረስ ብቻ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አምለሰት ተነስታ ሀሲና ፊት ቆመች። ፈርዶውሳ ገባት። «ተይው ባክሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «አሁን ምን ያደርጋል?»

ልክ ነበረች። እናቷ ገና ብዙ ቀን ትተኛለች። ማን ያስታምማታል? ከዚያ ግቢ ሌላ ማን አላቸው? ዝም ብትል ሀሲና መቼም አታውቀውም።

«ኤዶ» አለች አምለሰት፤ «ፈተና አልነበረም። ፈርዶውሳ እኔን ለመሸፈን ነው።» ከዚያ ያን ቀን ያለችውን ሁሉ፣ አንዷን ቃል ሳታስቀር፣ ሳታለሰልስ ነገረቻት። አባቷን እንደዋሸችውም ጨመረችበት። ይቅርታ ልትል ስትሞክር ድምጿ ተሰበረ።

የሀሲና ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። አንዴ ልጇን፣ አንዴ አምለሰትን አየች። ክንዷ ላይ ያለውን ሕፃን አየች።

«ጣሪያ አያልፍም አልሽ» አለች።

«አዎ።»

ከውጭ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሀሲና ተነሳችና ሕፃኑን አምለሰት ክንድ ላይ አስቀመጠችው። «ያዢው። ሰግጄ እመጣለሁ» አለቻት። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ይኑር ይቅርታ አምለሰት መለየት አልቻለችም። ፈርዶውሳም ተከትላት ሄደች፤ ስታልፍ ግን የአምለሰትን ክንድ ጫን አድርጋ ነካቻት።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ሰው ይበዛበታል። እናትና ልጅ ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፈው ቆሙ። አምለሰት የሚሰግድ ሰው ፊት ማለፍ ነውር እንደሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ አውቃለች። ወንድሟን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተነሳችና፣ ሰው ከሚመጣበት በኩል ሄዳ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ውሃ የተሸከመ ሰው እየተጣደፈ መጣ።

«ሀልካን ማር» አለችው በተሰባበረ ሶማሊኛዋ፣ በኋላቸው በኩል እንዲያልፍ እያመለከተችው።

ሰውዬው የያዘችውን አይቶ ዝግ አለ፤ ዞሮም አለፈ። ከእሱ በኋላ ሁለት ነርሶች መጡ፤ እነሱንም አዞረቻቸው። የሀሲና ግንባር መሬት ነክቶ ብዙ ቆየ። ሀሲና እስክትነሳ ድረስ አምለሰት አልተቀመጠችም።